ቆይ አባትህ ይምጣ!

(አዲስ አበባ ውስጥ ለወላጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)

እንደምን አረፈዳችሁ። ለጋባዦቼ ምስጋናዬ ይድረስ፤ ከእነሱም በላይ ባሎቻችሁን ጎትታችሁ ላመጣችሁ እናቶች። እንዴት አድርጋችሁ እንዳመጣችኋቸው በሻይ ሰዓት ትነግሩኛላችሁ።

በጥያቄ ልጀምር፤ መልሱን ለራሳችሁ ያዙት። ልጅ ሳላችሁ ከአባታችሁ ጋር የነበራችሁን ግንኙነት የሚገልጹ አምስት ቃላት ምረጡ። መረጣችሁ? አሁን ደግሞ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ማስረጃ አምጡ። «ደግ ነበሩ» ካላችሁ፣ ደግ የሆኑበትን አንድ ቀን። የት ነበራችሁ? ምን አሏችሁ? እናንተስ ምን ተሰማችሁ?

ጥያቄው የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ፣ ሜሪ ሜን የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ካዘጋጀችው ቃለ መጠይቅ የተወሰደ ነው። የሚገርመው፣ መርማሪው የሚያየው ልጅነታችሁ መልካም ነበር ወይስ ክፉ የሚለውን አይደለም። የሚያየው አተራረካችሁን ነው። አንዳንዱ ሰው «አባቴ ግሩም ሰው ነበር» ይላል፤ እስቲ አንድ ቀን ንገረን ሲባል ግን «አላስታውስም፣ ብቻ ግሩም ነበር» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው ከሠላሳ ዓመት በፊት የተደረገበትን እንደ ትናንት ማታ እየተቆጣ ሲያወራ የተጠየቀውን ራሱ ይረሳዋል። ሦስተኛው ክፉውንም ደጉንም በየቦታው ያስቀምጣል፤ አባቱ ምን እንዳደረገበት ያውቃል፣ ለምን እንዳደረገውም ይገምታል።

ይህ ሦስተኛው ሰው ልጅነቱ መራራ እንኳ ቢሆን፣ ከራሱ ልጅ ጋር ጤናማ ቁርኝት የመፍጠር ዕድሉ ከሁለቱ ይበልጣል። ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎች ገና ያልወለዱ ሴቶችን በዚህ መጠይቅ ጠየቁ፤ ልጁ ተወልዶ ዓመት ሲሞላው ከእናቱ ጋር ያለውን ቁርኝት መረመሩ። ከአራቱ ሦስቱን ያህል አስቀድመው በትክክል መገመት ችለው ነበር። አባቶችንም ጠየቁ፤ የአባትየው አተራረክም ልጁ ከአባቱ ጋር የሚኖረውን ቁርኝት ጠቁሟል።

ይህን ጥያቄ ምክር ፈልገው ለሚመጡ ወንዶች ደጋግሜ አቀርባለሁ። የሚመጡልኝ ቃላት አንድ ዓይነት ናቸው፦ «ጠንካራ፣ ለቤተሰቡ የለፋ፣ ቁም ነገረኛ፣ በአካባቢው የተከበረ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ።» ይህን ዝርዝር የት ነው የሰማችሁት? ቀብር ላይ። ሬሳው ሊወርድ ሲል በድምፅ ማጉያ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። አባትየው ግን በሕይወት አሉ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ታክሲ ተይዞ የሚደረስ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። «እሺ፣ ለአንዱ ቃል አንድ ቀን ስጠኝ» ስል ዝምታ ይሆናል። ቆይቶ ቆይቶ አንዱ እንዲህ አለኝ፦ «ሰባት ዓመቴ አካባቢ ወባ ይዞኝ በጀርባው አዝሎ ክሊኒክ ወስዶኛል። ካፖርቱ የናፍጣ ሽታ ነበረው። ደስ ብሎኝ ነበር። መታመሜ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ዛሬ የምለው በአጭሩ ይኸው ነው፦ ወንዶቻችንን በጉልምስናቸው የሚያሳምማቸው አባታቸው ኃይለኛ መሆናቸው ብቻ አይደለም። ስለዚያ አባት ምንም ማለት አለመቻላቸውም ነው። እኛ ዘንድ አባትን ማክበርና ስለ አባት ዝም ማለት አንድ ሆነዋል። «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለው ትእዛዝ የሆነውን አትናገር ይላል ብሎ የሰበከን የለም፤ እኛ ግን እንደዚያ ነው የሰማነው።

አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው ሰው ነው። አይጠጣም፣ አይቅምም፣ ሥራው ጥሩ ነው። ሕመሙ ማታ ማታ ደረቱን ማፈን፣ ልቡን ማስመታት፣ እጁን ማላብ ነው። ልቡን ታይቷል፤ ኢሲጂውም ኢኮውም ንጹሕ ነው። ጨጓራ ነው ተብሎ ኢንዶስኮፒ ታይቷል፤ ኪኒንም ውጧል። ፀበልም ገብቷል፤ ፀበሉ ላይ ሳለ ጥሩ ነበር፣ ቤት ሲመለስ አገረሸበት። እኔ ዘንድ ሲመጣ «ይሄ የእብድ ሐኪም አይደለም አይደል?» ብሎ ነው የተቀመጠው።

መቼ መቼ እንደሚነሣበት ስንከታተል ሰዓቱ ታወቀ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ ጥሩምባ ሲነፋ። በሩ እስኪከፈት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች። «ምን ይሰማሃል?» አልኩት። «ልጆቹ ሲንጫጩ ይሰማኛል፤ ጥሩምባውን ስነፋ ጸጥ ይላሉ።»

እሱም ልጅ ሆኖ እንዲሁ ጸጥ ይል ነበር። አባቱ በ1983 ዓ.ም. ከተበተነው ሠራዊት ውስጥ የነበሩ የበታች ሹም ናቸው። በዚያ ዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር መሣሪያውን አስረክቦ፣ አንዳንዱ በእግሩ እየለመነ፣ ወደየቤቱ ገብቷል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ናቅፋን፣ አፋቤትን፣ ምጽዋን ያዩ ናቸው። ምን አያችሁ ብሎ የጠየቃቸው ማን ነው? ቢጠየቁስ የት ይታከማሉ? በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ማለት ከሞላ ጎደል አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር፤ ሐኪሞቹም በጣት የሚቆጠሩ። እናም ሰውየው ቤታቸው ገቡ። ክዳን ሲወድቅ ይደነግጣሉ። ሌሊት ይቃዣሉ። ማታ አምሽተው ሲመጡ የኮቴያቸው አኳኋን ይደመጣል፤ ቀጥ ያለ ከሆነ ደህና ነው፣ ከጎተቱት ልጆች ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባሉ። ደንበኛዬ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ኮቴ በማድመጥ የሠለጠነ ልጅ ነበር። ያ ሥልጠና ከሰውነቱ አልወጣም። አለቃ በነበረው ጊዜ ስልኩ ሲጠራ ሆዱ ይላወስ ነበር፤ የራሱን ሱቅ የከፈተው ለገንዘቡ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ደግሞ ጥሩምባውን የሚነፋው እሱ ሆነ። ልጆቹን መትቶ አያውቅም። ያፈነውም ይኸው ነው፦ «እኔ እኮ ነክቻቸው አላውቅም፣ ታዲያ ምን ያስፈራቸዋል?»

እዚህ ላይ ወደ እናቶቹ ልዙር፤ አትቆጡኝ። «ቆይ አባትህ ይምጣ!» የሚለውን አረፍተ ነገር ያላለች እጇን ታውጣ። አያችሁ። ቀኑን ሙሉ ልጆቹን የያዘች፣ የደከመች እናት ያላት መሣሪያ ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አልፈርድም። ግን ምን እንደሚሠራ ተመልከቱ። አባት በሌለበት ዳኛም ፖሊስም ሆኖ ይሾማል። ደክሞት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ክስ ይቀርብለታል። ስለ ልጁ የሚሰማው ያጠፋውን ነው። ልጁም ጫማው ሲቀደድ፣ ፈተና ሲወድቅ፣ የት/ቤት ጉዞ ሲያምረው «እማዬ፣ ለአባባ ንገሪልኝ» ይላል። በመካከላቸው የሚያልፈው ነገር ሁሉ በእናት እጅ ያልፋል። ይህ ሥርዓት እናት እስካለች ድረስ ይሠራል። እናት ስታርፍ ግን ሁለት ወንዶች አንድ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ከፍተው ይቀመጣሉ፤ ዜናው ካለቀ በኋላ የሚሉት የላቸውም።

ውጭ አገር ያሉት ወገኖቻችን ይህን በስልክ ያውቁታል። ዋሽንግተን ያለው ልጅ ይደውላል፣ አባት ያነሣሉ። «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ሥራ ጥሩ ነው? ብርዱ እንዴት ነው? ቆይ እናትህን ላቅርብልህ።» ከእናቱ ጋር አርባ ደቂቃ ያወራል። አባት አጠገባቸው ቁጭ ብለው «ምን አለ? ምን አለ?» ይላሉ። አባት ልጁን ስላልወደደ አይደለም። ቋንቋው አልተለማመደም።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ? ብዙ አላበዛም። ለረጅም ጊዜ ሳይንሱ ራሱ አባትን ረስቶት ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ያቀረበው ዝነኛ ጽሑፍ ርዕሱም ነገሩም ስለ እናት እንክብካቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ማይክል ላምብ የተባለ ተመራማሪ አባቶች የተረሱ ባለ ድርሻዎች ናቸው ብሎ እስኪጽፍ ድረስ፣ አባት በልጅ እድገት ጥናት ውስጥ ከደመወዙ ሌላ ብዙም አይታይም ነበር።

ግን እ.ኤ.አ. በ1938 ሃርቫርድ ውስጥ የተጀመረ አንድ ጥናት አለ፤ 268 ወጣት ወንዶችን መዝግቦ እስከ እርጅናቸው ተከትሏል። ለብዙ ዓመታት የመራው የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጆርጅ ቫይላንት ነው። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ሞቅ ያለ ግንኙነት የነበራቸው ሰዎች፣ ካደጉ በኋላ ጭንቀታቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ በዕረፍት ጊዜያቸው ይበልጥ ይዝናናሉ፤ በ75 ዓመታቸውም በሕይወታቸው ይበልጥ ረክተዋል። የእናት ፍቅር ደግሞ ይበልጥ የታየው በሥራ ውጤታማነትና በገቢ ላይ ነው። እኔን ያስገረመኝ ያ መዝናናት ነው። እሑድ ከሰዓት ቤቱ መቀመጥ የማይችል፣ በዓል ቀን እንኳ ሰበብ ፈልጎ ሱቁን የሚከፍት ሰው አታውቁም? «ታታሪ» ብለን እናሞግሰዋለን። አንዳንዱ ታታሪ ነው። አንዳንዱ ግን አባቱ ሲገቡ ቁጭ ብሎ እንዳይገኝ የለመደ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እነዚያ ሰዎች ሁሉም ነጮች፣ ሁሉም የሃርቫርድ ተማሪዎች ነበሩ። የአንድ የመርካቶ ተሸካሚን ልጅ ሕይወት በእነሱ ልክ መስፈት አይቻልም። ደግሞም ሁለት ነገር አብሮ መገኘቱ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም፤ ጭንቀታም አባት ለልጁ የሚያወርሰው አስተዳደጉን ብቻ ሳይሆን ደሙንም ነው። ስለዚህ «በአባቴ ምክንያት ነው» ብሎ ሁሉን በአባት ራስ ላይ መከመር እንደ ዝምታው ሁሉ ያስታል።

የባሰውን የሚያሳየን ሌላ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው፣ ፌሊቲና አንዳ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ጥናት ሳን ዲዬጎ ውስጥ ከ9,000 በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠየቀ፦ ተመትተህ ታውቃለህ? ተዋርደሃል? እናትህ ስትመታ አይተሃል? ቤት ውስጥ ሰካራም ነበር? ከእነዚህ ዓይነቶች አራትና ከዚያ በላይ ያዩ ሰዎች፣ ምንም ካላዩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ለአልኮልና ለዕፅ ሱስ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ያላቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ነበር። እናት ስትመታ ማየት ከዝርዝሩ ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ። «ልጁን ነክቼው አላውቅም» የሚል ባል ይህን ይስማ።

በእኛ ወንዶች ላይ ይህ ሁሉ ሲወጣ «ድብርት» ተብሎ አይወጣም። ጨጓራ ሆኖ ይወጣል። ቁጣ ሆኖ ይወጣል። ከሥራ መልስ «አንድ ብቻ» ተብሎ የሚጀመር ድራፍት፣ ከምሳ በኋላ የሚነጠፍ ጫት ሆኖ ይወጣል። ሚስት «ሰውየው ተለውጧል» ትላለች፤ ሰውየው «ይደብረኛል» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ቃል የለውም። በዓለም ደረጃ ራሳቸውን የሚያጠፉ ወንዶች መጠን ከሴቶቹ በእጥፍ ይበልጣል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ያልነው ልጅ ዋጋውን ሲከፍል እንዲህ ነው።

አንድ የታዘብኩትን ልጨምር። አባቶቻችን ሕፃን ይወዳሉ። የሁለት ዓመት ልጁን ወደ ላይ ወርውሮ የሚቀልብ፣ በጉርሻ የሚያስጨንቅ፣ ጢሙን የሚያስጎትት አባት በየቤቱ አለ። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን አንድ ነገር ይቋረጣል፤ በተለይ ወንድ ከሆነ። «አሁን እኮ ትልቅ ሰው ሆነሃል» ይባላል። ጭኑ ላይ መቀመጥ ይቀራል፣ ትግሉ ይቀራል፣ መሳሳም ይቀራል። በምትኩ «ደብተርህን አምጣ» ይመጣል። ካናዳዊው ተመራማሪ ዳንኤል ፓኬት እንደሚለው ያ የአባትና የልጅ ግፊያና ትግል ተራ ቀልድ አይደለም፤ ልጁ መፍራትን፣ መቆጣትን፣ ከዚያ ደግሞ መረጋጋትን የሚለማመድበት ነው። አባቱ ጥሎት፣ ስቆ፣ ያነሣዋል። እኛ ይህን የምናቋርጠው ልጁ ይበልጥ በሚፈልገው ዕድሜ ላይ ነው።

«እንክብካቤ የወንድ ተፈጥሮ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ፊሊፒንስ፣ ሴቡ ውስጥ 624 ወንዶች ከመውለዳቸው በፊትና በኋላ ተመርምረዋል፤ አባት የሆኑት ቴስቶስተሮን የተባለው የወንድነት ሆርሞናቸው በጉልህ ቀንሷል፣ ልጃቸውን በየቀኑ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚንከባከቡት ደግሞ ዝቅተኛው ነበራቸው። አካሉ ራሱ ለልጁ ቦታ ያመቻቻል ማለት ነው። ሕጋችን ግን ቦታውን ሲሰፍር ንፉግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ብሎ ሾሞት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ። እሰየው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ሚስቱ ስትወልድ አባት የሚያገኘው የሦስት ቀን ፈቃድ ነው። እናት 120፣ አባት 3። ገንፎውን ቀምሶ ይመለሳል። በእንግሊዝ፣ ብሪስቶል አካባቢ የተደረገ ጥናት ደግሞ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ሳምንት በድብርት የተያዙ አባቶች ልጆች በሦስት ዓመት ተኩል ዕድሜያቸው የባሕርይ ችግር በዝቶባቸው አግኝቷል፤ ይልቁንም ወንዶቹ ላይ። እኛ ዘንድ አራስ ጥየቃ ሄዶ አባትየውን «አንተስ እንዴት ነህ?» ያለ አለ?

አባት የሌላቸውስ? የሞተባቸው፣ የሸሸባቸው፣ አረብ አገር ወይም ድንበር ማዶ የቀረባቸው ልጆች አበቃላቸው ማለት አይደለም። ሃዋይ፣ ካዋይ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን የተከታተለችው ኤሚ ወርነር፣ በድህነትና በተናጋ ቤት ካደጉት ውስጥ ሲሶ ያህሉ ደህና ሰው ሆነው አገኘቻቸው። አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ የሚያምናቸውና ያልተለያቸው አዋቂ ነበራቸው። አያት፣ አጎት፣ መምህር፣ የንስሐ አባት፣ የሠፈር አሠልጣኝ። አጎቶች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል።

ወደ ባለ ሱቁ ልመለስ፣ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። አባቱን ለመውቀስ አልሄደም፤ እኔም አልመከርኩትም። አንድ ቅዳሜ ሄዶ «በእኔ ዕድሜ ሳለህ የት ነበርክ?» ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ «ምን ያደርግልሃል?» አሉ። ቀጥለው ስለ አንድ ጓደኛቸው፣ ስለ ውሃ ጥም፣ አፋቤት ላይ ስለተጣለ ጭነት መኪና አወሩ። ልጆቹን ይገርፉበት ስለነበረው ቀበቶ ምንም አላሉም። ልጅየው ግን ከአምስቱ ቃላት የአንዱ ማስረጃ ተገኘለት፤ «ጠንካራ» ያለው ሰው ምን ተሸክሞ እንደኖረ አወቀ። ይቅር አለ ወይ ብትሉኝ፣ አላውቅም፤ ይቅርታ የእሱ ነው። ደረቱን ማፈኑ ግን ከወራት በኋላ እየቀለለው ሄደ። መድኃኒትም ወስዷል፤ ያለ መድኃኒት ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ጥሩምባውንም ትቶታል፤ ስልክ ይደውላል፣ ትንሿ ልጁ በር ትከፍታለች።

እንዲህ ያለ ነገር የሚሰማችሁ ወንዶች፣ ልባችሁ ተመርምሮ ንጹሕ ከሆነ ምርመራውን እዚያ አታቁሙት። ዛሬ አማኑኤል ብቻውን አይደለም፤ በብዙ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች የሥነ አእምሮ ባለሙያ አለ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣባችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ለአንድ ሰው ተናገሩና በዚያው ቀን ሂዱ። ፀበሉንም አልከለክልም፤ አብሮ ይሄዳል።

ጊዜዬ አልቋል። ወደ መድረኩ በወረቀት የተላከ አንድ ጥያቄ ብቻ ልመልስ፦ «ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ትንሽ ሳለ ብዙ ጊዜ መትቼዋለሁ። ይቅርታ ብጠይቀው አይንቀኝም ወይ?»

ወንድሜ፣ አይንቅህም። ግን አጭር አድርገው። «ትንሽ ሳለህ እመታህ ነበር፤ ልክ አልነበርኩም፤ ይቅርታ» በለውና አቁም። «አንተም እኮ አስቸጋሪ ነበርክ» ካልክ አበላሸኸው። «እኔም ስመታ ነው ያደግሁት» የሚለውን ለሌላ ቀን አቆየው፤ እሱ ሲጠይቅህ ትነግረዋለህ። ፊት ለፊት አስቀምጠህ አትናገረው፤ መኪና ውስጥ ወይም አንድ ነገር አብራችሁ ስትሠሩ ይሻላል። መልስ አትጠብቅ። «እሺ» ብሎ ስልኩን ካየ በቂ ነው። ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ሲያጠፋ እጅህ እንዳይነሣ፤ የሚፈትንህ ያኔ ነውና። ማይኩን ለቀጣዩ ስጡልኝ፤ ኋላ ያሉት እጃቸውን ካነሡ ቆይተዋል።